ጋሼን መላጨት

በዚያ ክረምት ሳል ገባ። መጀመሪያ ማዶ ነው ተባለ፤ ከዚያ ገበያው ጋ፤ ከዚያ አጥር ለአጥር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሰላምታ ከሩቅ ሆነ። ዝናቡ አላባራም። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሄዱ፤ ጊዜያቸው ያልደረሰም አብረዋቸው ሄዱ። ፀጉር ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ባይታዘዝስ ማን ይመጣ ነበር? ጉንጩን ለሌላ ሰው ትንፋሽ የሚሰጥ ጠፋ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ወንበሮቹን በአንሶላ ሸፈነና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አከራዩ ታገሰው፤ በኋላ እሱም መታገስ አቃተው። ዝናቡ ሲያቆም ፀጉር ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኖ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ጢም ሳያበቅል ጀምሮ የሰው ጢም ሲላጭ የኖረ ሰው ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም። ጠዋት ይነሣል፣ ይለብሳል፣ ከዚያ የሚሄድበት የለውም። ሚስቱ በረንዳው ላይ ቆሞ ስታየው «ግባ፤ እንግዳ የምትቀበል መሰልክ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ግን ሰው መጣ። ሁለት መንገድ አልፎ የቀብር አገልግሎት ቤት ያላት ሴት ነበረች። ሰፈሩ በሌለችበት «ባለሳጥኗ» ይላታል፤ ባለችበትም ራሷን እንዲያ የምትለው እሷው ናት። ቤቱን የከፈተው አናጢ ባሏ ሲሆን ክረምቱ ከወሰዳቸው አንዱ እሱ ነበር።

«እጅህ ሥራ ፈቷል አሉ» አለችው ከደጅ ሳትገባ።

«አልዋሹም፣ እትዬ።»

«እኔ ዘንድ አንድ ሰው ተኝቷል። ሆስፒታል ከርሞ ጢሙ አድጓል። ልጆቹ ነገ ሊያዩት ይመጣሉ። መላጨቱን ባሌ ነበር የሚችልበት። እኔ ብሞክረው እቆራርጠዋለሁ።»

«የሞተ ሰው ላጭቼ አላውቅም።»

«ከቆመው ይሻላል። ስለ ኳስ አያወራህም።»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። «አንተ ሰውዬ፣ እንዳትሄድ» አለች። እሱ ግን ሳጥኑን ሊያነሣ ወደ ውስጥ ገብቷል። ምላጩን፣ ብሩሹን፣ መቀሱን የሚይዝበት የቆዳ ሳጥን ነው። ባለሳጥኗ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «እሱን እዚሁ ተወው። እዚያ የእዚያ ዕቃ አለ።»

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ወለሉ ታጥቧል፤ መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ መስታወት የለም። ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ እስከ ደረቱ ተሸፍኖ ተኝቷል። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ ጠቅልሎ ከአንገቱ ሥር ከተተ። አረፋ መታ። ብሩሹን ጉንጩ ላይ ሲያሳርፍ አፉ ከልማዱ የተነሣ «ትንሽ ቀና ይበሉልኝ» አለ።

ባለሳጥኗ በር ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

የሞተ ቆዳ ሌላ ነው። ምላጩ ሲያልፍበት አይመለስም። የተጫረ አይድንም፤ ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ አረፋው ወፍራም መሆን አለበት፤ እጅም ሰው ሊቀሰቅስ እንደማይፈልግ መቅለል አለበት። ይህን ማንም ሳይነግረው የመጀመሪያውን ጉንጭ ሳይጨርስ እጁ ለብቻው አወቀው።

በማግስቱ ልጆቹ መጡ። እሱ ከበሩ ኋላ ቆመ። ትልቋ ልጅ ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉንጭ ሳመች። «ለስላሳ ነው» አለች፤ «ልክ ጠዋት ከቤት ሊወጣ ሲል እንደሚሆነው።»

ፀጉር አስተካካዩ እዚያው ቀረ።

መላጨት ብቻ አይደለም ሥራው። ማጠብ ተማረ፤ ማልበስ ተማረ። ሸሚዝ ከጀርባ ተተርትሮ እንዴት እንደሚለበስ፣ የጫማ ክር እንዴት እንደሚታሰር፣ ሳጥን በምን ያህል እንደሚለካ ባለሳጥኗ አሳየችው። ከሁሉ የከበደው ከሕያዋኑ ጋር ያለው ነበር። የመኪናውን ሰዓት ማስያዝ፣ ተሸካሚዎቹን ማሰለፍ፣ የተጣሉ ወንድማማቾችን ማን ፊት ማን ኋላ እንደሚሄድ ሳያስቀይሙ ማስማማት። ለዚህ ግን ወንበሩ አጠገብ ቆሞ የኖረው ዘመን ጠቀመው። ፀጉር ቤት ውስጥ ሰው መስማት ነው ዋናው ሥራ።

አንድ ቀን ሬሳ ጫኙ ሹፌር እሱ ፊት «አባቴ ይሙት፣ ጎማው ደህና ነው» ብሎ ማለ። ባለሳጥኗ ከውስጥ ሆና፣ «እዚህ ቤት በሞት አይማልም!» ብላ ጮኸች። «ሰው ገበያ ስንፈልግ ነው የሚመስለው።» ሹፌሩ በምን ልማል ቢላት «በጎማው ማል» አለችው።

ጊዜው ሲቆይ ጠረጴዛ ሰጠችው፤ ጥቁር ኮትም አሰፋችለት። ሐዘንተኛ ሲመጣ «ቀብር አስፈጻሚያችን እሱ ነው፣ እሱን አነጋግሩ» ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ሲሰማው ዘወር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ።

ታዲያ በዚህ መሐል ሰፈሩ ፊት ነሳው።

ክፉ ቃል የተናገረው የለም። ሻይ ቤት ሲገባ ይነሡለታል፤ አልፎ ከተቀመጠ በኋላ ግን አጠገቡ የነበረው ሰው ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ይነሣል። የጨበጡት እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ሲያሻሹ አይቷል። ሱቆች ተከፍተው፣ ሳሉም ሄዶ ሳለ ለድሮ ደንበኞቹ «እሑድ እሑድ ቤት መጥቼ ላስተካክላችሁ» ብሎ ነበር። ሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። የጠራው ግን የለም።

ሚስቱም ፈራች። ምሳውን በሣህን አሥራ ታመጣለታለች፤ ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ታቀብለዋለች እንጂ አትገባም። ካገባችው ጀምሮ የአንገቷን ፀጉር የሚከረክምላት እሱ ነበር። አሁን ጎረቤቷን ትጠራለች።

«እኔ ልሙትልህ፣ አንተን አይደለም የምፈራው» አለችው አንድ ማታ እራት ላይ።

«ታዲያ ማንን ነው?»

«እጅህን።»

«እጄ እኮ እኔ ነኝ።»

ከእራቱ የተሻለውን ቁራሽ ወደ እሱ ገፋችለት።

እሱ ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው የጋሼን ነገር ነበር።

ጋሼ ሙያውን ያስተማሩት ሰው ናቸው። እሱ ድሃ አደግ ነበር፤ የሚከፍለው አልነበረውም፤ በነፃ ያዙት። አንድ ደንብ ብቻ ነበራቸው። ተማሪ ሙያውን ጨረሰ የሚባለው የራሳቸውን የጋሼን ፊት ሲላጭ ነው። ጋሼ ወንበሩ ላይ ጋደም ይላሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ጉሮሯቸውን ይሰጣሉ። ሲያልቅ በእጃቸው ጀርባ ከአገጫቸው ሥር ሽቅብ ይደባብሱና «አለፍክ» ይላሉ፤ ወይም ዝም ይላሉ። ዝም ከተባለ እንደገና ዓመት ነው።

የእሱ ተራ ሲደርስ ሸሸ። ፈራና በዋዜማው «ሥራ አገኘሁ» ብሎ ሌላ ሰፈር ሄደ። ሥራም አገኘ፤ ጎበዝም ወጣው። ጋሼ ግን አልተቀየሙትም። ከዚያ በኋላ ጢማቸውን አሳደጉና ባገኙት ቁጥር እየጎተቱ ያሳዩታል። «ይኸው ያንተ ዕዳ! ደረቴ ደረሰ እኮ።» እሱም «እመጣለሁ ጋሼ፣ በቅርቡ» ይላል። መጀመሪያ እፍረት ነበር፤ ከዚያ ቀልድ ሆነ፤ ቀልዱ አረጀ፤ ጢሙም ነጣ። ሁልጊዜ ግን እከፍለዋለሁ ብሎ ያስብ ነበር።

አሁን ግን እንዲያ ማሰቡን ተወ። ሙታን የሚነካ እጅ ይዞ ማን ፊት ይቆማል? የገዛ ሚስቱ የፈራችውን እጅ ለሽማግሌ ጉሮሮ ሊያቀርብ ነው? ጋሼን መንገድ ላይ ሲያይ ማዶ መሻገር ጀመረ።

ከዚያ ያ ስሕተት መጣ።

ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ሞቶ አመጡት። የሟቹ ሚስት ፎቶውን ላከች፤ ሱፍ ለብሶ፣ ፀጉሩን በጎን ከፍሎ አበጥሮ። ቀብር አስፈጻሚው እንደ ልማዱ ከራስጌው ቆመ። ፎቶውን ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ፀጉር ቤት ውስጥ መስታወት በሚሆንበት ቦታ መሆኑ ነው። እያየ ላጨ፤ እያየ አበጠረ። ሲጨርስ ዞሮ ከፊት አየው። አንድ ነገር ከበደው። ሞት ነው፣ ሞት ፊት ይለውጣል አለና ተወው።

ሚስትየው ብቻዋን መጣች። ትንሽ ሴት ናት፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ጠረጴዛው አጠገብ ደርሳ ቆመች።

«ይሄ ማነው?» አለች።

ባለሳጥኗ ትከሻዋን ያዘች። «ሐዘን ነው እናቴ። መጀመሪያ ሲያዩት እንዲህ ነው።»

«ሐዘኔን አውቀዋለሁ። ሐዘኔ ሌላ ነው። ይሄ የኔ ባል አይደለም።»

እንዲህ ሲሆን የሚባል ነገር አለ። ሕመሙ አክስቶት ነው፣ ብርሃኑ ነው፣ ይባላል። ቀብር አስፈጻሚው አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ የሴትየዋን ዓይን አየና ያለውን ተወው።

«ምኑ ነው እሱ ያልሆነው፣ እናቴ?»

አሰበች። ጎንበስ ብላ አየችው። «እኔን የሚያውቀኝ አይመስልም» አለች።

ፎቶውን ከግድግዳው ነቀለና ከሰውዬው ፊት ጎን አስጠጋው። ያን ጊዜ ገባው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፊት ያየው በመስታወት ነው። በመስታወት ውስጥ የሰው ግራ ግራህ ላይ ነው። ፎቶ ግን ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው ነው፤ ግራው ወደ ቀኝህ ይዞራል። እሱ ፎቶውን እንደ መስታወት አይቶ የሹፌሩን ፀጉር በማያውቀው ጎን ከፍሎታል። ሰውዬው ሙሉ ዕድሜውን በግራ ያበጠረ፣ ለቀብሩ በቀኝ ወጣ።

«ጥፋቱ የሞት አይደለም» አለ። «የኔ ነው። ፀጉራቸውን ባልሆነ ጎን ከፈልኩት።»

ባለሳጥኗ በዓይኗ ዝም በል አለችው። እሱ ግን ማበጠሪያውን አንሥቶ ለሴትየዋ ዘረጋ። «እርስዎ ያበጥሩላቸዋል?»

«መንካት ይቻላል?»

«የእርስዎ ናቸው እኮ።»

ማበጠሪያውን ተቀበለች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሁለት ጣቷን በምራቋ አርሳ የግንባሩን ፀጉር አረጠበች፤ በግራ በኩል ከፍላ መለሰችው። ከጆሮው በላይ አንዲት ዘለላ ቆመችባት። ተጫነቻት፤ ተመልሳ ቆመች።

«ይቺ ሁልጊዜ እንቢ ናት» አለች። ድምፅዋ የቤት ድምፅ ሆኖ ነበር። «የሠርጋችን ቀንም እንዲህ አድርጋኛለች።» እንደገና አበጠረችው፤ ኮሌታውን አቃናችለት። ራቅ ብላ አየችው።

«መጣህ» አለችው። «አሁን መጣህ።»

ቀብር አስፈጻሚው ወደ መስኮቱ ዞሮ ፎጣ አጠፈ። ቀድሞውንም የታጠፈ ፎጣ ነበር።

ወሬ እግሩ ፈጣን ነው። ግማሹ ሰፈር ሴትየዋ የተናገረችውን፣ ባሏን በገዛ እጇ እንዳበጠረችና ቀብር አስፈጻሚው ጥፋቱን በራሱ አፍ እንደነገራት ሰማ። ግማሹ ደግሞ ሰውዬው የሬሳ ፀጉር እንዳገላበጠ ብቻ ሰማ። ጋሼ የሰሙት ይህን ሁለተኛውን ነው።

በሳምንቱ ረፋድ ላይ የዱላ ድምፅ ደጁ ላይ ተሰማ። ጋሼ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ጢማቸው የኮታቸውን ሁለተኛ ቁልፍ ሸፍኗል። ቀብር አስፈጻሚው ከጠረጴዛው ብድግ አለ።

«አንተ ልጅ!» አሉ። «ልጁ» ግን የልጅ ልጅ ያለው ሰው ነው። «ፀጉር በማን ጎን ነው የሚከፈለው ብዬ ነው ያስተማርኩህ?»

«በደንበኛው ጎን፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ስሜን ምን ስታደርገው ነው? የኔ ተማሪ ግራና ቀኝ አያውቅም ተባልኩ!»

«መስታወት የለም እዚህ። ከመስታወት ለምጄ ነው።»

ጋሼ ተነፈሱ። ዙሪያውን አዩ። ክፍሉን አሳየኝ አሉ፤ አሳያቸው። ባዶ ነበር ያን ቀን። ጠረጴዛውን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉ፤ ብሩሹን አንሥተው ፀጉሩን በአውራ ጣታቸው ፈተኑ፤ ምላጩን ወደ ብርሃን ያዙት። ስለ ዕቃ ያልተናገሩት ዕቃው ደህና ስለነበረ ነው።

ወደ ፊተኛው ክፍል ተመልሰው ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መስኮቱ ሥር ያለውን መረጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በል ላጨኝ።»

«ጋሼ?»

«ለራሳቸው መጮኽ የማይችሉ ሰዎች ላይ እጅህ ተፈቷል። እኔም አንድ ቀን እዚያ ጠረጴዛ ላይ መውጣቴ ነው። ስትቆርጠኝ የምጮኽበት አፍ እያለኝ ልየው እጅህን።»

«በዚህ እጅ?» አለ።

«ዕዳህን በየትኛው ልትከፍለኝ ነበር?»

ባለሳጥኗ ከውስጥ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። «ጋሼ፣ ከኔ ቤት በእግሩ የሚወጣ ደንበኛ አላየሁም» አለች።

«ዛሬ ታያለሽ፤ ካልሆነም ጠረጴዛው ቅርብ ነው፣ አትለፊም።»

እዚያ ያለው ዕቃ ግን የሙታን ነው፤ ሕያው ላይ አይውልም። ያን ጊዜ ሚስቱ ምሳ ይዛ ደጃፉ ላይ ደረሰች። ጋሼን ወንበሩ ላይ አንገታቸውን ሰጥተው ስታይ ሣህኑን ይዛ ቀረች። «የቆዳ ሳጥኔን ከቤት አምጪልኝ» አላት ባሏ። ለምን አላለችም። ሣህኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ስትመለስ እያለከለከች ነበር፤ ሳጥኑን በብብቷ፣ የፈላ ውሃ በፔርሙስ ይዛ። ደጃፉ ላይ ቆመች። ጋሼ ሳይዞሩ «ውሃው እንዳይቀዘቅዝ፣ ልጄ» አሏት። ገባች።

በመቀስ ጀመረ። ጢሙ እየተቆረጠ የጋሼ ጭን ላይ ወደቀ። ሚስቱ ፎጣ በትኩስ ውሃ ነክራ ጨምቃ አቀበለችው። አረፋ መታ፤ ቀባ። ምላጩን ከፈተ። በግራ አውራ ጣቱ የጋሼን ቆዳ ከአገጭ ሥር ወጠረ።

እጁን ደንግጦ አነሣ።

«ምን ሆንክ?» አሉ ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ይመታል።»

«ደም ሥር ነዋ! ባይመታ ነበር የምትደነግጠው።»

ባለሳጥኗ በእጇ አፏን ያዘች። ሚስቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነና ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

ቀብር አስፈጻሚው አውራ ጣቱን መልሶ አስቀመጠ። ሙቀቱ ተሰማው። ከክረምቱ ወዲህ ከቤቱ ሰው ሌላ ሙቅ ፊት ነክቶ አያውቅም፤ የቤቱም ሰው ቢሆን ሸሽታዋለች። ትርታው ከጣቱ ሥር ይሄዳል፤ ምላጩ ከትርታው ጋር ይሄዳል። ሙታኑ ያስተማሩትን ቅለት ይዞ ነበር የሚላጨው። ድሮ ሲሸሽ እጁ ላይ ያልነበረው ይህ ነበር። ያኔ የሚፈራው ጋሼ ምን ይላሉ ብሎ ነበር። አሁን ምን እንደሚሉ አላሰበም። ቆዳው ይሳሳል፤ አጥንቱ ቅርብ ነው፤ እንዳያማቸው ብቻ አሰበ።

«ትንሽ ቀና ይበሉልኝ» አለ።

ጋሼ ቀና አሉ።

አረፋው ሲነሣ ሰው ረስቶት የነበረ ፊት ወጣ። ጉንጩ ፀሐይ ሳያየው የነጣ ነው። አገጫቸው ትንሽ ነበር፤ የልጅ አገጭ። ሚስቱ አየችና «ጋሼ፣ ለካ ቆንጆ ኖረዋል» አለች።

«ባልሽ ደበቀኝ» አሉ።

በትኩሱ ፎጣ አበሰላቸው። ፎጣውን አነሣና ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ፤ እጁን ሽርጡ ላይ አሳረፈ። ጋሼ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡ። በእጃቸው ጀርባ ከአገጫቸው ሥር ሽቅብ ደባበሱ። ቀኙን። ግራውን። ጉሮሮው ላይ ቆዩ። መንገድ ላይ መኪና አለፈ። ጋሼ እንደገና ቀኙን ደባበሱ፤ ሆነ ብለው ነበር።

«አለፍክ» አሉ።

ቀብር አስፈጻሚው ወንበሩ ጀርባ ላይ እጁን ጣለ፤ ሌላ የሚይዘው አልነበረም።

ጋሼ ዱላቸውን ፈልገው ተነሡ። ጭናቸው ላይ ያለውን ነጭ ጢም አራግፈው ወለሉን አዩ። «ይህን ሁሉ ተሸክሜልህ ነው የኖርኩት» አሉ። «በል፣ ዕዳህ አለቀ። ከእንግዲህ ስታየኝ ማዶ አትሻገር።»

«ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎትና…» አለ ምላጩን እያጠፈ። «ያ ቀን ሲመጣስ?»

«ያማ ሌላ ነው።» ኮፍያቸውን ደፉ። ባዶ ጉንጫቸው ላይ የበሩ ነፋስ ሲመታቸው ፈገግ አሉ። «ያን ቀን እንደ ማንም ደንበኛ ተራዬን ጠብቄ እመጣለሁ።»